ፋብሪካ ገብታችሁ ስትሠሩ፦ ለሐዋሳ ንዑስ ተቋራጮች የደኅንነትና የአካባቢ ጥበቃ መመሪያ

ይህ ጽሑፍ ሐዋሳ ውስጥ ከፋብሪካ ሥራ ለሚወስዱ ትናንሽ ድርጅቶች ነው። ለበያጁ፣ ለኤሌክትሪሺያኑ፣ ጣሪያ ለሚጠግነው፣ ጄኔሬተር ለሚያድሰው፣ ጉድጓድ ለሚያጸዳው፣ ቀለም ለሚቀባው። ጥቂት ሰው ይዞ ገብቶ በአጭር ጊዜ ጨርሶ ለሚወጣ ሰብ ኮንትራክተር። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች የራሳቸው የደኅንነት ክፍል አላቸው። ልብሱን የሚገዟቸው የውጭ ድርጅቶችም እየመጡ ይመረምሯቸዋል። ትናንት ገብቶ ነገ የሚወጣው ሠራተኛ ግን ማሽኑንም ግቢውንም አያውቅም። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ደኅንነት የሚጀምረው ዋጋ ስትሰጡ ነው። ፕሮፎርማው ላይ ያልገባ የደኅንነት ቀበቶ ጣሪያው ላይ አይገኝም።

ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት

ቦታውን ሳታዩ ዋጋ አትስጡ። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ አይበቃም። ሄዳችሁ ስታዩ እነዚህን ጠይቁ፦ ሥራው ከፍታ አለው? ጉድጓድ ወይም ታንከር ውስጥ መግባት ያስፈልጋል? ብየዳ ወይም ግራይንደር አለበት? ፋብሪካው እየሠራ ነው ወይስ ቆሞ ነው የምንሠራው? መብራቱን የሚያጠፋው ማነው? ሠራተኞቻችን ውኃና መጸዳጃ ቤት የት ያገኛሉ? ከሥራው የሚወጣው ቆሻሻስ የት ይሄዳል?

መልሱን ስታገኙ የደኅንነቱን ወጪ ለብቻው መስመር አውጡለት። የስካፎልዲንግ ኪራይ፣ የጋዝ መለኪያ ኪራይ፣ እሳት የሚጠብቅ ሰው የቀን ክፍያ፣ የደኅንነት ዕቃ፣ ለሥልጠና የሚውለው ሰዓት፣ የቆሻሻ ማጓጓዣ፣ ሁሉም ይጻፍ። «ሌላው በርካሽ ይወስድብኛል» የሚለው ስጋት ይገባኛል። ሐዋሳ ላይ ለአንድ ሥራ ስንት ሰው እንደሚረባረብ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ወጪው በጠቅላላ ዋጋው ውስጥ ተደብቆ ከገባ፣ ደንበኛው «ትንሽ ቀንሱልኝ» ባለ ጊዜ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ለብቻው ከተጻፈ ግን ደንበኛው ምን እንደሚቀንስ እያየ ነው የሚቀንሰው። ብዙ ኃላፊ «የእሳት ጠባቂ» የሚለውን መስመር በእጁ ሰርዞ መፈረም አይፈልግም።

ውሉንም በደንብ አንብቡ። አንዳንድ ውል «ለማንኛውም አደጋ ኃላፊው ተቋራጩ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እናንተ ደግሞ ዝርዝሩን አስገቡ። ማሽን የሚያቆመው ማን ነው? የሥራ ፈቃድ የሚፈርመው ማን ነው? አደገኛ ቆሻሻ የሚረከበው ማን ነው? ከሁሉም በላይ ይህችን ዓረፍተ ነገር አትርሱ፦ ሥራ ለደኅንነት ሲባል የቆመበት ጊዜ ለመዘግየት ቅጣት አይቆጠርም። ይህ ካልተጻፈ ፎርማናችሁ ንፋስ እያየ፣ ዝናብ እያየ፣ ሰው ጣሪያ ላይ ያወጣል። ቅጣቱን ይፈራላ።

ወረቀቱ

ፋብሪካው የማን ይሁን የማን፣ ለሠራተኞቻችሁ አሠሪው እናንተ ናችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታ ይዘረዝራል፦ ስለ አደጋው ማስተማር፣ መከላከያ ዕቃ ማቅረብ፣ አደጋን መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ፣ ሌላም። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን የጎዳበት ዓይነት ሁኔታ ነው ከዚህ የሚወጣው። የቀን ሠራተኛ መሆኑም አያድናችሁም።

ከሠራተኞቻችሁ ጋር ውል በጽሑፍ ያዙ። ካልያዛችሁ የውሉን ዝርዝር በ15 ቀን ውስጥ ጽፋችሁና ፈርማችሁ ለሠራተኛው እንድትሰጡ ሕጉ ይጠይቃችኋል። የመድን ሽፋን ግቡ። የኤሌክትሪሺያኑንና የበያጁን የብቃት ማረጋገጫ ኮፒ ያዙ። ዕድሜ ላይ አትዘናጉ። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። 18 ያልሞላው ደግሞ አደገኛ ሥራ ላይ አይመደብም። ከዙሪያው ወረዳዎች ሥራ ፍለጋ የሚመጡ ልጆች ብዙ ናቸው። ቁመት አይታመንም፣ መታወቂያ እዩ።

ይህን ሁሉ በአንድ ፋይል አድርጋችሁ ሥራው ከመጀመሩ ቀደም ብላችሁ ለፋብሪካው አስገቡ። ያለዚያ የመጀመሪያው ቀን በር ላይ ቆሞ በመደዋወል ያልቃል። ያ የባከነ ግማሽ ቀን ደግሞ ከሰዓት በኋላ በጥድፊያ ይካካሳል። ጥድፊያው ነው ሰው የሚጥለው።

ሥራውን ከሠራተኞቹ ጋር መተንተን

የአደጋ ግምገማ የሚባለውን ቅጽ ብዙ ሰው ከድሮ ሥራ ገልብጦ ያስገባል። አታድርጉት። ቦታው ላይ ቆማችሁ፣ የሚሠራውን ሰው አጠገባችሁ አድርጋችሁ፣ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃል ሂዱበት።

ለምሳሌ ከስፌት አዳራሽ በላይ ያለ የተቀደደ የጣሪያ ቆርቆሮ መቀየር ነው እንበል። ቆርቆሮው እንዴት ይወጣል? በገመድ ከሆነ ከሥር ማን ያልፋል? ጣሪያው ላይ መርገጫው የት ነው? እዚህ ላይ ልብ በሉ። ብርሃን እንዲያስገባ በመሃል በመሃል የሚገጠመው ፕላስቲክ የሰው ክብደት አይችልም። ፀሐይ ሲያደርቀውና አቧራ ሲለብስ ከቆርቆሮው አይለይም። ሰው ረግጦት ወደ ታች ይሄዳል። ስለዚህ ሥራ ሳይጀመር በቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ መርገጫ ጣውላም ይዘረጋል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ሰው ጣሪያው ላይ ሳይወጣ መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ካልተቻለ ሰው ማንሻ ማሽን ወይም ከለላ ያለው ስካፎልዲንግ ተጠቀሙ። ቀበቶ የመጨረሻው ነው። ቀበቶም መንጠቆው ጠንካራ ብረት ላይ ካልታሰረ ጌጥ ነው። መንጠቆውን ደረቱ ላይ ሰቅሎ የሚሄድ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ታያላችሁ። ሰነፍ ስለሆነ አይምሰላችሁ። የሚያስርበት ቦታ ስላላዘጋጃችሁለት ነው። የወደቀ ሰው ቀበቶው ቢይዘውም ተንጠልጥሎ መቆየት የለበትም፤ ደሙ እግሩ ላይ ስለሚጠራቀም በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። በምን እንደምታወርዱት ቀድማችሁ ወስኑ።

ትምህርቱን በሚገባው ቋንቋ ስጡ። ሐዋሳ ላይ አንዱ በሲዳሙ አፎ፣ አንዱ በወላይትኛ፣ ሌላው በአማርኛ ነው የሚገባው። «ገባችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ይላል። «እስቲ አንተ ንገረኝ፣ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» በሉት። ልጆቹ ፎርማኑን ያከብራሉ፤ ፊት ለፊት መቃወም ይከብዳቸዋል። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ያስፈራል» ያለ ልጅ ሲገኝ በሰው ፊት አመስግኑት። በማግስቱ ሌላውም ይናገራል።

መከላከያ ዕቃው በነጻ ነው የሚሰጠው፤ ከደመወዝ አይቆረጥም። ልኩ ይሁን። ሴት ሠራተኞችን 43 ቁጥር ሴፍቲ ጫማ አልብሶ መሰላል ላይ ማውጣት ራሱ አደጋ ነው። ለግራይንደር የፊት መከለያ፣ ለብየዳ የቆዳ ጓንት፣ ለኬሚካል የጎማ ጓንት። በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ግን ጓንት እጅን ጎትቶ ያስገባል፤ እዚያ አውልቁ።

ፐርሚት የሚጠይቁ ሥራዎች

ፐርሚት ማለት «ይህን ሥራ፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ሰዓት፣ እነዚህን ጥንቃቄዎች አይተን ፈቅደናል» የሚል ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ፈረቃ የሚሠራ ወረቀት ነው። ቢሮ ተቀምጦ አይፈረምም። ፈራሚው ቦታው ላይ ይቁም።

ብየዳና ግራይንደር ሐዋሳ ላይ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብዙው ፋብሪካ የጨርቅና የልብስ ነው። የጥጥ ብናኝ ብረቱ ላይ፣ የኬብል መሄጃው ላይ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ይተኛል። ብልጭታ እዚያ ገብታ ድምፅ ሳታሰማ ትቆያለች። በዙሪያው 11 ሜትር ያህል የሚቀጣጠል ነገር ይነሳ፤ የማይነሳው እሳት በማይበላው ጨርቅ ይሸፈን። ብናኙ ቀድሞ ይጠረግ። የእሳት ማጥፊያ ይዞ የሚቆም፣ ሌላ ሥራ የሌለው ሰው መድቡ። ብየዳው ካለቀ በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ብየዳን ለመውጫ ሰዓት አታስጠጉ።

መብራት ጠፋ ብላችሁ ኤሌክትሪክ አትንኩ። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ መብራት ሲጠፋ «አሁን እንሥራው» ማለት የተለመደ ነውና። ጄኔሬተሩ በራሱ ተነስቶ መስመሩን ሊሞላው ይችላል። መብራቱም ሳይነግራችሁ ይመለሳል። ማጥፊያውን አውርዱ፣ በጓጉንቸር ቆልፉ፣ ስም ያለበት ካርድ ስቀሉ፣ ከዚያ በመለኪያ ፈትሹ። ቁልፉ በሚሠራው ሰው ኪስ ይሁን። ሦስት ሰው ከሠራ ሦስት ጓጉንቸር ይገባል።

አሁን ወደ ጉድጓዱ። ሴፕቲክ ታንክ፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ፣ የኬሚካል ታንከር፣ ማንሆል፣ እነዚህ ከሌላው ሥራ ሁሉ ይለያሉ። ቤተሰብ ሙሉ የሚያዝንበት አደጋ የሚደርሰው እዚህ ነው። አንዱ ገብቶ ይወድቃል። ጓደኛው ሊያወጣው ይገባል። ሦስተኛው ሁለቱን ሊያወጣ ይገባል። ሦስቱም ጤነኛ፣ ሦስቱም ደግ ሰዎች ናቸው።

የተጠራቀመ ፍሳሽ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። በትንሹ ሲሆን የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 100 እጅ) አካባቢ ሲደርስ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ሠራተኛው «ጸድቷል» ብሎ ይገባል። ከጭቃው ሥር የታመቀ ጋዝ ደግሞ በእግር ወይም በአካፋ ሲነካ ይለቀቃል። ሻማ ወይም ኩራዝ አውርዶ መፈተን የሚባለውን ልማድ ተዉት። እሳቱ ይህን መርዝ አይለይም፤ ሚቴን የሚባለው የሚቀጣጠል ጋዝ ካለ ደግሞ ይፈነዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሳይገባ መሥራት ይቻል እንደሆነ እዩ፤ በመምጠጫ መኪና ብዙው ይወጣል። መግባት ግድ ከሆነ ወደ ጉድጓዱ የሚገባውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ፣ ፓምፑን ቆልፉ። ክዳኑን ክፈቱና በማራገቢያ ንጹሕ አየር ንፉበት። ከብየዳ ሲሊንደር ኦክስጅን መልቀቅ ፈጽሞ አይሆንም፤ ልብስ ሳይቀር እንደ ክብሪት ይነዳል። ከዚያ አራት ጋዝ (ኦክስጅን፣ የሚቀጣጠል ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ካርቦን ሞኖክሳይድ) የሚለካ መሣሪያ በገመድ አውርዳችሁ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለኩ። ሚቴን ወደ ላይ ይወጣል፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ወደ ታች ይተኛል። ኦክስጅን ከ19.5 እስከ 23.5 በመቶ መሆን አለበት። የሚቀጣጠለው ጋዝ ከዝቅተኛው የመቀጣጠያ መጠን 10 በመቶ በታች፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ከ10 ፒፒኤም በታች ይሁን። ሰው እስካለ ድረስ መለካቱ አይቋረጥም። የቤንዚን ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ ወይም አፉ ላይ አታስነሱ፤ ጭሱ ይገድላል።

የገባው ሰው ሙሉ የሰውነት ቀበቶ ያደርጋል። ገመዱ ከላይ ባለሦስት እግር ማንሻ ላይ ይታሰራል። ከላይ የሚጠብቀው ሰው አንድ ትዕዛዝ ብቻ ይሰጠው፦ ምንም ቢሆን አትገባም፤ ትጎትታለህ፣ ትጮኻለህ። ይህን በተግባር አስለምዱት። መለኪያውና ማንሻው ካልተገኘ ሥራውን አትውሰዱ። ደንበኛ ቢቆጣም ይቆጣ።

ውኃውና ቆሻሻው

የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። በጥቁር ውኃ በኩል የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። አሞራ ገደል ላይ የሚሸጠው ዓሣ የሚያድገው በዚያው ውኃ ነው። ከተማው ውስጥ የሚፈስ ዘይትና ቀለም ጉዳይ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የፋብሪካዎቹን ፍሳሽ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም፣ ወደ ውጭም እንዳይለቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህ ዓይነት ማጣሪያ ፍሳሹን በሚበሉ ጥቃቅን ተሕዋስያንና በስስ ማጣሪያዎች ይሠራል። ብሩሽ ያጠባችሁበት ቲነር ተሕዋስያኑን ይገድላል። ዘይት ማጣሪያውን ይደፍናል። ስለዚህ ገና ስትገቡ የትኛው ቦይ የዝናብ፣ የትኛው የፍሳሽ እንደሆነ አስጠይቁ፤ ከዚያ ሁለቱንም አትጠቀሙ። የሲሚንቶ እጣቢም ቦይ አይገባም። ሃይለኛ አልካላይ ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል። ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ይጠራቀም፣ ሲደርቅ ይነሳ።

ጄኔሬተር የምታድሱ ሰዎች፣ የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይ እንዳይደፋ። ለአጥርና ለእንጨት መቀቢያ ተብሎ ለጎረቤት የሚሰጠውም ይቅር። በርሜሉን ከሥሩ መያዣ አድርጉለት። መያዣው የበርሜሉን 110 በመቶ የሚችል ይሁን፤ ለ200 ሊትር በርሜል 220 ሊትር ማለት ነው። ከዝናብ ይከለል፤ ዝናብ የሞላው መያዣ ዘይቱን ያንሳፍፈውና ያወጣዋል። ሰጋቱራ ወይም አሸዋ የሞላ ባልዲ አጠገቡ ይኑር። ዘይት ከፈሰሰ ውኃ አትልቀቁበት። አሸዋ ነስንሱ፣ ጥረጉ፣ የተጠረገውንም ከአደገኛ ቆሻሻ ጋር አስቀምጡ።

ቆሻሻውን ከመጀመሪያው ቀን ለዩት። ብረትና ካርቶን ለቆራሌው ሊሄድ ይችላል፣ ፋብሪካው የመውጫ ወረቀት እስከሰጣችሁ ድረስ። ዘይት የነካው ጨርቅ፣ የቀለም ጣሳ፣ ባትሪ፣ ሜርኩሪ ያለበት ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል ግን ለቆራሌው አይሰጥም። ከሁሉ የማሳስባችሁ ባዶ የኬሚካል ጀሪካን ነው። ንጹሕ ይመስላል፣ ገበያ ላይ ዋጋ ያወጣል፣ ሠራተኛ ይለምናችኋል። ከሰጣችሁት እቤቱ የመጠጥ ውኃ ይቀዳበታል። ልጆቹ ይጠጡበታል። ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ቀዳዱት፤ ከአደገኛ ቆሻሻው ጋር ይመዝገብ። ምትክ እንዲሆናቸው አዲስ ጀሪካን ብትገዙላቸው እኔ ደስ ይለኛል፤ ወጪው ትንሽ ነው።

ቆሻሻ ማቃጠል የለም። ያረጀ ግራጫ፣ ሲሚንቶ የሚመስል የጣሪያ ክዳን ካገኛችሁ አትቁረጡት፣ አትብሱት፤ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። አቁማችሁ ፋብሪካውን በጽሑፍ አሳውቁ።

ሕጉም አለ። በብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው ያጸዳል ወይም የማጽጃውን ወጪ ይከፍላል። አደገኛ ቆሻሻ በአዋጅ ቁጥር 1090/2010 ይመራል። እናንተን በየቀኑ የሚጠብቃችሁ ግን አንድ ቀላል መዝገብ ነው፦ ምን ቆሻሻ፣ ስንት፣ በየትኛው ቀን፣ ማን ተረከበ፣ ፊርማ። ችግር ሲነሳ «ያፈሰሰው ሰብ ኮንትራክተሩ ነው» የሚል ወሬ ቶሎ ይመጣል። መዝገብ ያለው ሰው መልስ አለው።

አደጋ ከደረሰ

ሥራው ይቁም። ሌላ ሰው እንዳይጎዳ አድርጉ፤ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ከመንካታችሁ በፊት ማጥፊያውን አውርዱ። ከከፍታ የወደቀን ሰው አንስታችሁ ባጃጅ ውስጥ አታጥፉት። አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ ያ እንቅስቃሴ ሽባ ያደርገዋል። አምቡላንስ እስኪመጣ አንገቱን አጽንታችሁ ባለበት ያዙት። የአምቡላንስ ስልክና ወደ አዳሬ ወይም ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የምትወስዱበት መንገድ ከመጀመሪያው ቀን ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ቤተሰቡን ኃላፊው ራሱ ይደውልላቸው።

ቦታውን አትነካኩ፤ ፎቶ አንሱ። የምስክሮችን ቃል በዕለቱ ጻፉ። ለፋብሪካው ወዲያው፣ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪም በጽሑፍ አሳውቁ። «በሽምግልና እንጨርሰው» የሚል ሐሳብ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ሽምግልና ለሰላም ጥሩ ነው፤ የተጎዳውን ሰው መብት ግን አይተካም። የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። ለጊዜው መሥራት ካልቻለ ደግሞ እስከ አንድ ዓመት ይከፈለዋል፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ የሚቀሩትን ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶ።

ሰው ሳይጎዳ ለጥቂት ያለፈውንም መዝግቡ። ከላይ የወደቀች መዶሻ ማንንም ባትመታ እንኳ ከነሰዓቷ ትጻፍ። ምርመራው ሲያልቅ የተቀየረውን አሠራር በማግስቱ ጠዋት ለሠራተኛው ሁሉ በየቋንቋው አስረዱ፤ ሥራ የሚቀጥለው ከዚያ በኋላ ነው።